ሽማግሌ ሱቅ አይላክም

ልብ ወለድ ጸሐፊ ነኝ። ሁለት መጻሕፍት አሳትሜያለሁ፤ የሚበዛው ቅጂ ተክለ ሃይማኖት ካለው ቤቴ፣ አልጋዬ ሥር በሰላም ተኝቷል። ያነበቡኝ ጥቂት ሰዎች ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ገጸ ባሕርያቴ ማሰብ ይችሉበታል። አንዷ ባለታሪኬ መስኮት ልትከፍት ከወንበሯ ትነሣና ሳትከፍተው ምዕራፉ ያልቃል። በዚህ ችሎታዬ እኮራ ነበር፤ ሮዛ የምትባል የፊልም ዳይሬክተር እስካገኘችኝ ድረስ።

ሮዛ በዕድሜ ታንሰኛለች፤ በምላስ ግን አልችላትም። ሁለተኛውን መጽሐፌን አንብባ "እዚህ ውስጥ አንድ ፊልም ተደብቋል፤ አውጣልኝ" አለችኝ። የፊልም ጽሑፍ ማለት ልብ ወለድን አሳጥሮ ንግግሩን መሀል ገጽ ላይ ማስቀመጥ መስሎኝ በጥቂት ሳምንታት ጨርሼ ሰጠኋት። ሲኒማ ራስ አካባቢ አንድ ጁስ ቤት ተቀምጠን ስታነብ ፊቷን እየተከታተልኩ ሙገሳዬን እጠብቅ ነበር። ሽማግሌዎች ልጅ ለመጠየቅ የሚመጡበት ትዕይንት ላይ ስትደርስ ቆመች።

"'በአባትየው ልብ ውስጥ ያለፈው ዘመኑ እንደ ክረምት ጎርፍ እየደፈረሰ አለፈ'" ብላ ጮክ አድርጋ አነበበችልኝ። "እሺ፤ ይሄን ለካሜራማኑ ምን ብዬ ልንገረው?"

"እንዴት ምን ብዬ?"

"ጎርፉን ከየት ላምጣለት?"

አጠገባችን የተቀመጡት ሰዎች ዞር ብለው አዩን። እኔ ስለ ዘይቤ ላስረዳት ስጀምር አቋረጠችኝ።

"ስማኝ፣ ካሜራ ልብ ውስጥ አይገባም። የሚታየውንና የሚሰማውን ብቻ ጻፍልኝ። ሽማግሌዎቹ ፊቱ ቆመዋል። አባትየው ምን ያደርጋል?"

"ያስባል።"

"ሲያስብ እጁ የት ነው?"

እውነቱን ለመናገር ሰውየው እጅ እንዳለው ራሱ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ቤቴ ገብቼ ጎርፉን አወጣሁና በምትኩ ለአባትየው አንድ ገጽ ሙሉ ንግግር ሰጠሁት፤ ስለ አባትነት፣ ስለ ዕድሜ፣ ስለ ልጅ ፍቅር። ሮዛ አንብባ ስትጨርስ ራሷን ያዘች።

"አሁን ደግሞ ጎርፉን በአፉ አስወጣኸው" አለችኝ።

ነገሩ በእኔና በእሷ መሀል ቢያልቅ ምንም አልነበር። ግን ገንዘቡን የሚያወጡት ሰው ነበሩ። ጋሽ ሰይድ እንበላቸው፤ ትክክለኛ ስማቸውን ብጽፍ መርካቶ መግባቴን መተው አለብኝ። ዱባይ ተራ ካሉት የገበያ ሕንፃዎች በአንዱ ፎቅ ላይ መጋረጃና አንሶላ ይሸጣሉ። በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው መርካቶ ያደጉ፣ የልጅነት ሳንቲማቸውን ሁሉ ሲኒማ ቤት ያስገቡ ሰው ናቸው። ማንበብ ግን አይወዱም።

"ወረቀት አታምጡብኝ" አሉን። "ያቺን የሽማግሌዎቹን ቦታ በሰው አሳዩኝ። ዓይኔ ካመነ ገንዘቡን አወጣለሁ፤ ካላመነ በሰላም እንለያያለን። ግን ሱቄን ጥዬ የትም አልሄድም፤ እዚሁ ኑ።"

እንግዲህ የፊልሙ ዕድል በዚያች በማትረባ ትዕይንቴ ላይ ወደቀ። የመጀመሪያ የፊልም ጽሑፌ ነው፤ እሱ ከቀረ ሌላ የሚጠይቀኝ ሰው እንደሌለ አውቅ ስለነበር ፈራሁ።

ሮዛ ጋሽ ሁሴን የሚባሉ፣ ዕድሜያቸውን መድረክ ላይ የጨረሱ ተዋናይና አንድ ዝምተኛ ጓደኛቸውን አዘጋጀች። ሦስተኛው ሽማግሌ በዕለቱ ጠዋት ወገቤን ብሎ ቀረ። ሽማግሌ ደግሞ ሁለት ሆኖ አያምርም። ሮዛ ወደ እኔ ዞረችና ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣለችብኝ፤ ከየት እንዳመጣችው የማላውቀው ባርኔጣም ወረወረችልኝ።

"አንተ ነህ ሦስተኛው። ቁምና ዝም በል። ላንተ ትልቅ ትምህርት ነው።"

ጋሽ ሁሴን ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው ታክሲ ውስጥ ሲገቡ አስጠነቀቁን። "ልብሱን ከለበስኩ በኋላ በስሜ እንዳትጠሩኝ። ሰውየውን ሆኛለሁ።" ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

የምንመጣበትን ቀን ቆርጠን አልነገርናቸውም ነበርና ሱቁ ስንደርስ ጋሽ ሰይድ የሉም፤ ለቀትሩ የዙሁር ሰላት መስጊድ ሄደዋል። ያገኘናት ልጃቸውን ነጃትን ነው። ሱቁን ከአባቷ ጋር የምትሠራ፣ ፈጣን፣ ዓይኗ ሁሉን የሚያይ ልጅ ናት። አባቷ ስለ ፊልሙ አንድም ቃል አልነገሯትም። ሮዛ ከፊት ለፊታችን፣ ኮሪደሩን ተሻግሮ ወዳለው ዚፕና ቁልፍ መሸጫ ሄደች፤ ከዚያ ሆና እንደ ካሜራ ልታየን ፈልጋ ነው። የዚያ ሱቅ ባለቤት ከድር የሚባል ወጣት ነው።

"አሰላሙ አለይኩም" አሉ ጋሽ ሁሴን ደጃፉ ላይ ቆመው።

"ወአለይኩም ሰላም፤ ግቡ አባቶቼ፣ ምን ልታዘዝ?" ነጃት ሦስት በርጩማ አወጣች። "ኧረ ተቀመጡ።"

እዚህ ላይ "ፊልም ልናሳይ ነው የመጣነው" ቢባል ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር። ጋሽ ሁሴን ግን ሰውየውን ሆነው ነበር። ከዘራቸውን መሬቱ ላይ ተከሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"የለም ልጄ፣ አንቀመጥም። አባትሽ ይምጡ። ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው።"

አንባቢዎቼ፣ ጋቢ የደረቡ ሦስት ሰዎች ልጃገረድ ካለችበት ደጅ ቆመው አንቀመጥም ሲሉ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ለነጃትም የነገራት አልነበረም። እጇ በርጩማው ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ሒጃቧን አስተካከለች። ከዚያ ደግሞ ቀስ ብላ ቀና አለችና ከእኛ ትከሻ በላይ ወደ ዚፕ ሱቁ አየች። ፊቷ በራ።

ዞር ብዬ አየሁ። ከድር ፊቱ አመድ መስሏል። ለሮዛ ሊያሳያት ያወረደው የቁልፍ ካርቶን ከእጁ አምልጦ ቁልፉ ኮሪደሩ ላይ ተበተነ። እሷ እሱ የላከን መስሏት ተደስታለች፤ እሱ ደግሞ ሌላ ሰው የላከን መስሎት፣ እሷም በዚያ ሰው የተደሰተች መስሎት ሊሞት ነው። ይህን ሁሉ ማንም ቃል ሳይናገር ነው ያየሁት። እኔ ብጽፈው ሁለት ምዕራፍ ይፈጅብኝ ነበር።

"ነጃት ሽማግሌ መጣላት!" የሚል ድምፅ ከወዲያ ተሰማ። መርካቶ ውስጥ ወሬ በእግሩ አይሄድም። ወዲያው ኮሪደሩ በሰው ሞላ። አጠገብ ጫማ የሚሸጡት እትዬ ዘምዘም ለስላሳ ይዘው ደረሱ።

"ሽማግሌ ሱቅ ይመጣል እንዴ?" አለ አንዱ ተሸካሚ ጭነቱን ሳያወርድ።

"ታዲያ የት ይሂዱ?" አሉ እትዬ ዘምዘም። "ሰይድ ቤቱ የሚገኘው ለእንቅልፍ ብቻ ነው!"

"እኒህስ ይመለሱ ይሆን? ባለፈው ለነጃት የመጡትን ባለ ሕንፃዎቹን እንኳ ጋሽ ሰይድ መልሰዋቸዋል" አለ ሌላው።

ወደ ጋሽ ሁሴን ጆሮ ጠጋ አልኩ። "ጋሼ፣ ይንገሯት እንጂ፤ ልጅቷ የእውነት መስሏታል።"

"ሽማግሌ አይንሾካሾክም" አሉኝ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ።

ያልነበረኝን ድፍረት ሰብስቤ ጋቢዬን የማስተካክል መስዬ ወደ ውስጥ ገባሁ፤ በተቆለለው ጣቃ ጨርቅ ከለላ ነጃትን በሹክሹክታ ጠራኋት።

"እህቴ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ይሄ የፊልም ልምምድ ነው። አባትሽ ናቸው ኑ ያሉን። እኔ ሽማግሌ አይደለሁም፣ ጸሐፊ ነኝ።"

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት የበራው ፊቷ ጠፋ።

"ታዲያ ከድር አይደለም የላካችሁ?" አለች። ካለች በኋላ አፏን በእጇ ያዘች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

"አሁኑኑ እንወጣለን" አልኳት። "ለሰዉ እንነግራለን።"

"ማን ያምናችኋል?" ዓይኗ እንባ ሞልቶ ድምፅዋ ግን ተቆጣ። "አሁን ብትወጡ 'ሽማግሌ ደጃፏ ቆሞ አባቷ ሳይመጣ ሸሸ' ነው የሚባለው። የምን ነውር አይተውባት ነው ይሉኛል። ከድርም ይሄን ሰምቶ መቼም ደፍሮ አይልክም፤ እንዲያውም ባለ ሕንፃዎቹ ከተመለሱ ወዲህ እንደፈራ ነው። በሉ ቁሙ! አባቴ እስኪመጣ ከዚህ ንቅንቅ የለም።"

ተመልሼ ቆምኩ። ፊልሙን ረሳሁት። አንዲት የማላውቃት ልጅ ትዳሯም ስሟም የእኔ ቀሽም ጽሑፍ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አባትየው መጥተው "ምን ቲያትር ነው?" ብለው ቢስቁ አለቀላት፤ በጋቢና በባርኔጣ ሳይለዩኝ የእውነት መስሏቸው "ልጅ የለኝም" ብለው ቢመልሱንም አለቀላት። በሕይወቴ እንደዚያ የተጨነቅሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ሰዉ ለሁለት ተከፈለና ጋሽ ሰይድ ብቅ አሉ። ለሰላት የታጠቡበት የውዱእ ውሃ ከጺማቸው ገና አልደረቀም። ጋሽ ሁሴንን አዩ። እኔን አዩ፤ ባርኔጣዬ ላይ ትንሽ ቆዩ። የሞላውን ኮሪደር አዩ። የተበተነውን ቁልፍ አዩ፤ እየለቀመ ያለውን ከድርንም። መጨረሻ ላይ ልጃቸውን አዩ። ነጃት አንገቷን ደፍታለች።

ጋሽ ሁሴን እኔ የጻፍኩትን ተናገሩ። "ሰላም ለቤቱ። ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል። ልጁ ሩቅ አይደለም፤ ከደጅዎ የወጣ፣ ዓይንዎ እያየው ያደገ ነው።"

በጽሑፌ ልጁ ጎረቤት ነበር። ያን ስጽፍ ምንም አላሰብኩበትም። አሁን ግን የኮሪደሩ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ አንገቱን ወደ ዚፕ ሱቁ አዞረ። ከድር ወለሉ ላይ እንደተንበረከከ ቀረ።

አሁን የአባትየው ተራ ነው። እንደ ጽሑፌ ቢሆን አንድ ገጽ ሙሉ መናገር አለባቸው። ጋሽ ሰይድ ምንም አልተናገሩም። ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፋቸው ላይ ወጡ። አንድ ጣቃ መጋረጃ ከመደርደሪያ አወረዱ። ዘረጉት። ሜትራቸውን አንስተው ለኩ። እንደገና ለኩ። መቀሱን አነሡና ጨርቁ ጫፍ ላይ ደግነው ቆሙ፤ ሳይቆርጡ መልሰው አስቀመጡት። እኔ ደግሞ እጃቸውን እያየሁ "ይኸው፣ እጁ እዚህ ነው!" ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

ከዚያ ጨርቁን እያጠፉ፣ ማንንም ሳያዩ ተናገሩ። ድምፃቸው ለእኛ ከሚያስፈልገን በጣም ይበልጥ ነበር።

"ከዚህ በፊት ለመጡት ልጅ የለኝም አልኩ። ሰው 'ሰይድ ሀብት ናቀ' አለኝ። ሀብት አልናቅሁም። ያን ጊዜ ልጄን ስጠይቃት አንገቷን አልደፋችም፤ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እምቢ ማለቷ ነው። በእኛ ቤት የልጅ እሺታ ዝምታዋ ነው።" ወደ ነጃት ዞር አሉ። ነጃት አገጯ ደረቷን ነክቷል። "እንግዲህ እዩአት።"

እትዬ ዘምዘም እልል ሊሉ ሲሉ በእጃቸው አስቆሟቸው።

"ቆይ! አልጨረስኩም። ለላካችሁ ልጅ እንዲህ በሉልኝ። ሽማግሌ ሱቅ አይላክም፤ ነውር ነው። ቤት አለኝ። ጁምዓ ከሰላት በኋላ በሬ ክፍት ነው። ቤቴን የማያውቀው ከሆነ" አሉና የጨርቁን ጣቃ ወደ ቦታው መለሱት፣ "በየቀኑ ማታ ዕቃ ሲያግዘኝ በሩ ድረስ ይመጣል፤ በዚያው መንገድ ይምጣ።"

እልልታው ሕንፃውን አናወጠው። ሮዛ በኋላ እንደነገረችኝ ከድር ተነሥቶ የሷን እጅ ይዞ ያለ ምንም ምክንያት "አላህ ይስጥልኝ" አላት፤ የጠየቀችውንም ቁልፍ በነፃ ሰጣት።

ሰዉ ሲበተን ጋሽ ሰይድ ለሦስታችንም በርጩማ አቀረቡልን። ጋሽ ሁሴን ኮፍያቸውን አውልቀው ተነፈሱና ራሳቸውን ሆኑ። እኔ ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ፤ ስለ ልምምዱ፣ ስለ ስህተቱ፣ ስለ ጭንቀቴ፤ እንደ ልማዴ ረዘመብኝ።

"አንተ ጸሐፊው" አሉኝ አቋርጠው፣ "እኔ ጋሽ ሁሴንን ከጎረምሳነቴ ጀምሮ መድረክ ላይ ሳያቸው የኖርኩ ሰው ነኝ። በኮፍያ ይደበቁኛል? አንተ ደግሞ በዚያ ባርኔጣ ሽማግሌ ሳይሆን ከብት የጠፋበት ሰው ነው የምትመስለው።"

"ያውቁ ነበር ማለት ነው?"

"ገና ከደረጃው ስወጣ።"

"ታዲያ ለምን…?"

ነጃት ለስላሳውን ለመመለስ ወደ እትዬ ዘምዘም እስክትሄድ ጠበቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነሱ።

"ዓመት ሙሉ ያን ልጅ ጠብቄዋለሁ። እሷን ሲያያት መቀሱን የት እንዳስቀመጠው ይጠፋዋል። አባት ሆኜ ልጄን 'ያን ልጅ ትወጅዋለሽ ወይ' ልበላት? ወይስ እሱን ጠርቼ 'ና ሽማግሌ ላክብኝ' ልበለው? ነውር አይደለም? ለሱ መንገር አልችልም፣ ለሷ መንገር አልችልም። እናንተ መጣችሁልኝ፤ ለእናንተ ተናገርኩ፣ ሁለቱም ሰሙ።"

ከዚፕ ሱቁ ተመልሳ አጠገቤ የቆመችው ሮዛ ይህን ስትሰማ ትከሻዬን በክርኗ ጎሸመችኝ። ወራት ሙሉ ልታስረዳኝ የለፋችበት ነገር ይህ ነበር፤ ሰው የሚናገረው ሌላ፣ የሚነግረው ሌላ። ነገር በምሳሌ ሲባል ስሰማ ያደግሁ ሰው፣ ገጸ ባሕርያቴን ግን የልባቸውን ሁሉ እያስለፈለፍኩ እጽፋቸው ነበር።

ጁምዓ ዕለት የከድር አጎት እውነተኛ ሽማግሌ ይዘው ሄዱ። ጋሽ ሁሴንንም ለመኗቸው፣ አብረው ሄዱ። እኒያ መድረክ ላይ አንዲት ቃል የማይስቱ ሰው የእውነት ሲሆን ቃሉ ሁሉ ጠፍቷቸው ደጃፉ ላይ ሲንተባተቡ ጋሽ ሰይድ በሳቅ ሊፈርሱ ነበር አሉ። ነጃትና ከድር ተጋብተዋል። ነጃት ያን ቀን አንገቷን የደፋችው ከእፍረት ይሁን ሳቋን ለመደበቅ ደጋግሜ ጠይቄያታለሁ፤ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

እኔስ? ያን ትዕይንት ቤቴ ገብቼ እንደገና ጻፍኩት። አባትየው አንድ ቃል አይናገርም፤ ጨርቅ ይዘረጋል፣ ይለካል፣ መቀሱን አንስቶ ያስቀምጣል። ሮዛ አንብባው ዝም አለች፤ ከእሷ ዝምታ ማግኘት ሽልማት ነው። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። እንዲህ ብዬ በራሴ አፍ መመስከሬ ያሳፍረኛል፣ ግን እውነቱ ነው። ዛሬም ቢሆን ልቦናቸውን የሚያዳምጡ ሰዎችን መጻፍ እወዳለሁ፤ ግን መጀመሪያ እጃቸው የት እንዳለ ሳላውቅ ብዕር አላነሣም። እናንተም ከምትወዱት ሰው ፊት ቆማችሁ የምትናገሩት ሲጠፋችሁ አትጨነቁ። እጃችሁን እያየላችሁ ነው።

ጋሽ ሰይድ ገንዘቡን አወጡ። ቃላቸው ቃል ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አስቀመጡ።

"ያቺ የሽማግሌዎቹ ቦታ ትውጣ።"

"ጋሼ! ፊልሙ እኮ እሷ ናት!"

"ትውጣ አልኩህ። የልጄን ጉዳይ አገር ቲኬት ቆርጦ አያየውም።"

ስለመቁረጥ ወራት ሙሉ የተማርኩት ለካ ለዚህ ነበር። ቆረጥኳት። እንባዬ እየመጣ፣ ግን ከልቤ ደስ እያለኝ ነው የቆረጥኳት፤ እሳቸው ለልጃቸው ያደረጉትን አይቼ እምቢ የምልበት አንደበት አልነበረኝም።

"ቢያንስ በጽሑፍ ላውጣው?" አልኳቸው በመጨረሻ።

ጋሽ ሰይድ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ሳቁ።

"በጽሑፍማ ጻፈው፤ ማን ሊያነበው!"

ይኸው ጻፍኩት። እዚህ ድረስ ያነበባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ለሳቸው እንዳትነግሩብኝ።